በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ

መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የብረት ብናኝ በመዳፋቸው ጠርገው ያወርዳሉ። ነጭ ወረቀት ያነጥፋሉ፤ በላዩ ካርቦን፣ በካርቦኑ ላይ ሌላ ነጭ ወረቀት። ሦስቱን አንድ ላይ ያነሱና ጠርዛቸው እኩል እስኪሆን ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ ያደርጓቸዋል። ቀኑን ይጽፋሉ፣ ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ «ጉዳዩ» ይሉና ከሥሩ በማስመሪያ ሁለት መስመር ያሰምራሉ፤ አንዱ ለአክብሮት፣ ሌላው ለማስጠንቀቂያ። ጽፈው ሲጨርሱ ከደረት ኪሳቸው የተቋጠረ መሐረብ ያወጣሉ። ቋጠሮውን ሲፈቱት ከውስጡ የእድራችን ማኅተም ብቅ ይላል። ፊቱ ላይ «ሃ» ብለው ይተነፍሱበታል። ቀለሙ ላይ ሁለቴ፣ ወረቀቱ ላይ አንዴ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ትንሽ ወዝወዝ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጎ ማንሳት። ክቡ ሙሉ ከወጣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጎደሎ ከወጣ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ሥራው ከካርቦኑ እንደገና ይጀመራል።

«ፎቶ ኮፒ እኮ አለ፣ ጋሽ አድነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ፎቶ ኮፒ በኋላ የመጣ ነው፤ ምንም አላየም። ካርቦኑ ግን ሲጻፍ አብሮ ነበር።»

እኔ በያጅ ነኝ፤ አንዳንዴ ጋዜጣ ላይም እጽፋለሁ። ጠረጴዛውም የእኔ ነው፤ ከዊንጌት ወረድ ብሎ ያለ ወርክሾፕ ውስጥ። የሰው እጅ ሲሠራ አይቼ መገመት እችላለሁ። የጋሽ አድነው እጅ ብየዳ ተምሮ ቢሆን ኖሮ በጉለሌ አንድም ታንከር አያፈስም ነበር። ምን ያደርጋል፣ ደብዳቤ ላይ ዋለ።

በየሰፈሩ አንድ ጋሽ አድነው አለ። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ስብሰባ ሊያልቅ ሲል፣ ሰው መቀመጫውን ግማሽ አንስቶ የቤቱን ቁልፍ በእጁ ይዞ ሳለ፣ ከኋላ ረድፍ አንድ ክንድ ቀስ ብሎ ይወጣል። አዳራሹ በሙሉ «ኡፍ» ይላል። ክቡር ጸሐፊያችን ይነሳሉ፣ ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። «ሦስት ነጥብ አለኝ። አንደኛው ሁለት ንዑስ ነጥብ አለው» ይላሉ። ሲጨርሱም ማንም ሰማቸው አልሰማቸው «ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ!» ብለው ይቀመጣሉ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ራሳቸው ስለሆኑ ደግሞ ወዲያው ይይዙታል።

የሚጽፉት ሁሉንም ነው። የእድራችን መዝገብ ውስጥ «በዚህ ጊዜ ሐጂ አብዱልሰላም አስነጠሱ» የሚል መስመር አለ። ሐጂ አብዱልሰላም ሊቀ መንበራችን ናቸው። ይሰረዝልኝ ብለው ሦስት ወር ቢሟገቱም አልተሰረዘላቸውም። «ሐጂ፣ አስነጥሰዋል ወይስ አላስነጠሱም?» ሲባሉ ምን ይበሉ? ሰውዬው ውሸት አያውቁም።

የጎረቤታችን የጽጌረዳ ልጅ ስትዳር ጋሽ አድነው ሙሽሮቹን እንዲመርቁ ተጋበዙ። ተነሱና «ከመመረቄ በፊት የዕለቱ አጀንዳ ይነበብልን» አሉ። ጽጌረዳ ከወጥ ቤት በር ላይ ጮኸች፦ «ጋሼ፣ አጀንዳው ክትፎ ነው! በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፣ ይቀመጡ!»

ታክሲ ውስጥም ያው ናቸው። አንድ ጠዋት ረዳቱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሊጨምርብን «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ከኋላ ክንዳቸው ወጣ። ጣሪያውን ነካ። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!»

«ፋዘር፣ ጥያቄውን ወርደው ይጠይቁ» አለ ረዳቱ።

ጋሽ አድነው ዞር ዞር ብለው ተሳፋሪውን አዩ። «የሚደግፈኝ አለ?»

ሁሉም መስኮት መስኮቱን አየ። ወረዱ። በዝናብ። ብቻቸውን። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ እሳቸው በለቀቁት ቦታ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ቸኩዬ ነበር።

ይህ የደጋፊ ነገር የራሳቸው ሕግ ነው። በእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ሐሳብ ያቀረበ ሰው አንድ ደጋፊ ካላገኘ ሐሳቡ ውድቅ ነው። ደንቡን ያረቀቁት እሳቸው፣ በደንቡ ከሁሉ በላይ የወደቁትም እሳቸው። «ደጋፊ ስላልተገኘ ውድቅ ሆኗል» ብለው የራሳቸውን ሐሳብ በገዛ እጃቸው ይቀብሩና መስመር ያሰምሩበታል።

ያሸነፉበት ቀን የለም እንዳልል፣ አለ። መንገዳችን ላይ ክዳን ያጣ የፍሳሽ ጉድጓድ ነበር። አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ አንድ ክዳን መጣ። ለክቼ ሳየው በአራት ሳንቲሜትር ያንሳል። ዙሪያውን ጠርዝ በይጄ አስገባሁት። ያን ቀን ክዳኑ ላይ ቆመው ሁለቴ ረገጡት። «አየህ? ይሰማሉ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሰማሉ» አሉኝ። እኔ ክዳኑን በወረቀቱ ዋጋ በአንድ ቀን እሠራው ነበር። 

አሁን ወደ ዕቃ ቤቱ ልግባ።

እድራችን ከወንዙ ዳር በቆርቆሮ የተሠራ፣ አራት በአምስት ሜትር የሆነ ዕቃ ቤት ነበረው። ውስጡ ድንኳኑ፣ እኔ የበየድኳቸው አሥራ ሁለት ቋሚዎች፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች፣ የውኃ በርሜሉ። ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር ስለነበሩ ሐዘን የገባበት ቤት፣ የሀብታምም ይሁን የጫት ሻጭ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ቆሞለት፣ ሰው ተቀምጦበት፣ ውኃ ተጥዶለት ያድር ነበር። ለሌላው ሰው ቆርቆሮ ነው። ለእኛ ግን ስንሞት የሚያነሳን እጅ እዚያ ነበር የተቀመጠው።

መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ፤ ዕቃ ቤቱ መስመሩ ላይ ወደቀ። መንገዱ መስፋቱን ማንም አልጠላም። ለእኔም ላሜራ የጫነ መኪና በሬ ድረስ ይገባልኛል። የጠየቅነው ከመፍረሱ በፊት ሌላ ሃያ ካሬ እንዲታሰብልን፣ ሲታሰብም እንድንጠየቅ ብቻ ነው። ጋሽ አድነው በሁለት ዓመት ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ሃያ ሦስት ደብዳቤ ጻፉ። በመጨረሻ መልስ መጣ፤ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በአዳራሽ ውይይት አለ፣ እድሩም ተጋብዟል።

እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። አርባ ሰው መረጡ። ማን ምን እንደሚል በወረቀት አከፋፈሉ። ለእኔ ልኬቱ ደረሰኝ።

«ጋሽ አድነው፣ ይሄ ያለቀ ነገር ነው» አልኳቸው። «ለወግ ያህል ነው የሚጠሩን።»

«እንግዲያው ወጉ ውስጥ እንኑርበታ!»

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጥሩንባው ተነፋ። እትዬ አሪፋ አርፈዋል። እኚያ ታክሲ መያዣው ጋ ሱቅ የነበራቸው፣ ሰፈሩን በሙሉ በስም የሚያውቁት። እስላም ወገኖቻችን ሬሳ አያሳድሩም፤ በዙህር፣ በእኩለ ቀን ሶላት፣ ተሰግዶባቸው ወዲያው ወደ ኮልፌ ነው። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። ስምንት ሰዓት ላይ ሁላችንም መቃብር ነን።

የደንባችን አንቀጽ ሰባት እንዲህ ይላል፦ ያልታመመና አገር ውስጥ ያለ አባል በሙሉ ቀብር ላይ ይገኛል፤ ስም ይጠራል። ይህንንም ያረቀቁት ማን እንደሆኑ አልነግራችሁም።

ጋሽ አድነው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደወሉ። በማግሥቱ ይሁንልን አሉ። አዳራሹ ለሌላ ተይዟል፣ ፕሮግራሙ አይራዘምም ተባሉ። ስልኩን ዘጉ።

«ግማሻችን ቀብር፣ ግማሻችን ስብሰባ ብንሄድስ?» አለች ጽጌረዳ።

«አሪፋን በግማሽ እንቅበራት?» አሉ ጋሽ አድነው።

ጽጌረዳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ሐጂ አብዱልሰላም «አንድ ሰው ይሂድ፤ እኔ ፈቅጃለሁ» አሉ። ሁሉም እኔን አየ። ሥራዬ ለአዳራሹ ቅርብ ነው።

ጋሽ አድነው ደብዳቤውን ከነካርቦን ቅጂው ሰጡኝ። «አንብበው። ማንበብ ካቃተህ ቃል አያስፈልግም፣ እጅህን ብቻ አውጣ። እጅ ካልወጣ ዝምታው ድጋፍ ተብሎ ነው የሚያዘው።»

ሄድኩ። ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ስልሳ የሚሆን ሰው ነበር፤ የማውቀው ፊት የለም። ሰብሳቢው ወጣት፣ ትሑት፣ የደከመው ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ካርታ ግድግዳ ላይ በራ። የእኛ ነገር «ልዩ ልዩ» የሚለው ውስጥ መጨረሻ ላይ ነበር። እስኪደረስበት ግማሹ ሰው ስልኩን ያያል፣ ግማሹ ቁልፉን በእጁ ይዟል።

«በዚህ ላይ ሐሳብ ያለው?» አለ ሰብሳቢው።

የብየዳ ኤሌክትሮድ ስይዝ በሰከንድ መቁጠር ልማዴ ነው። አሥራ አንድ ሰከንድ ጠበቀ። በአንዱ ሰከንድ ጥቁር ጥፍሬን አየሁ። በሌላው ለአሥር ሰዓት አደርሳለሁ ያልኩት የግቢ በር ትዝ አለኝ። በሌላው ደግሞ አንድ ሰው ምን ይለውጣል አልኩ። ያ «ኡፍ» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ስንት ዓመት እኔው ራሴ ስለው የኖርኩት። እጄ ጉልበቴ ላይ፣ ደብዳቤው ከእጄ ሥር።

«ከሌለ፣ በሙሉ ድምፅ አልፏል።»

ከእድራችን ወገን ሙሉ ድምፁ እኔ ነበርኩ።

ስመለስ እትዬ አሪፋ ደጅ ድንኳኑ ቆሟል። ቋሚዎቹ የእኔ፣ ብየዳው የእኔ። ጋሽ አድነው ጥግ ላይ መዝገቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው የቀብሩን ስም ጥሪ ያስተካክላሉ። ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«እንዴት ሆነ?»

«አለፈ።»

«ምን አልካቸው?»

«ምንም።»

«አላስነበቡህም?»

«ዕድል ሰጡ። እጄን አላወጣሁም፣ ጋሽ አድነው።»

ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር፤ ሦስት ነጥብ ከነንዑሱ። እስክሪብቷቸውን ከፈቱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ አንድ መስመር ጻፉ፣ ዘጉት። ሊወጡ ሲነሱ መዝገቡን ገልጬ አየሁ። «ተወካያችን በስብሰባው ላይ በሰዓቱ ተገኝቷል» ይላል። ነጥብ። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

የሊቀ መንበሩን ማስነጠስ ያልሰረዙ ሰው የእኔን ዝምታ ሳይጽፉት ቀሩ።

ዕቃ ቤቱ ፈረሰ። ድስቶቹ ጽጌረዳ አልጋ ሥር ናቸው፤ አግዳሚዎቹ ሐጂ አብዱልሰላም ግቢ፤ ሸራው ሦስት ቤት ተከፋፍሎ አንዱ ጋ ዝናብ በላው። ቋሚዎቹ እኔ ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ ተደግፈዋል፤ ቀና ባልኩ ቁጥር አያቸዋለሁ። ባለፈው ወር ሰው ሞቶብን ድንኳኑ እስኪገጣጠም ግማሽ ቀን ፈጀ። ለቅሶ ደራሹ ዝናብ ላይ ቆመ። አንዲት ሴትዮ «ይህ ሰፈር እድር የለውም እንዴ?» ስትል ሰማሁ። 

ጋሽ አድነው የሚጽፉበት ቦታ ስላጡ ጠዋት ጠዋት እኔ ጠረጴዛ ላይ ይጽፋሉ። ሃያ አራተኛው ደብዳቤ ላይ ናቸው። የቦታውን ጥያቄ ተዉት፤ አሁን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የአካባቢው እድሮች ሐሳብ፣ ነገሩ ከተወሰነ በኋላ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ሳይሆን፣ ከመወሰኑ በፊት በአጀንዳ ተራ ይያዝላቸው። ለብቻችን ድምፃችን አይሰማም ብለው በእግራቸው ዘጠኝ እድር ዞሩ። አራቱ ማኅተም አሳረፉ። አምስቱ «ምን ዋጋ አለው?» አሉ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው።

ትናንት ማኅተሙን መሐረባቸው ውስጥ እየቋጠሩ ቀና አሉ።

«አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፈውን ሰው ያነበዋል አሉ።»

«አልፎ አልፎ።»

«እንግዲያው ይህን ጻፍልኝ። በየስብሰባው መጨረሻ ላይ አንድ እጅ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። አሰልቺ ነው፣ ነጥቡ ብዙ ነው፣ ምሳ ያስረፍዳል፤ አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ። ውደዱት አልልም። ሐሳቡ ልክ ከመሰላችሁ ግን፣ ሰውዬው በገዛ እጁ ሳይቀብረው፣ አንድ ሰው ከእሱ ቀጥሎ እጁን ያውጣለት። ‹እደግፋለሁ› ይበልና ይቀመጥ። ከዚያ በላይ አልለምንም።»