አስተዳዳሪው የለኮሱት ማሞቂያ

በአልጄሪያ ተራሮች ላይ ወዳለችው መንደር የተፈጥሮ ጋዝ የገባው በደንቡና በሰዓቱ ነው። ቧንቧው ተቀበረ፤ ቆጣሪው ተሰቀለ፤ ትልቅ ትንሹ ናና ለሚላት፣ ጉልበቷን ቁርጥማት ለያዛት ለባልቴቷ ለዙሊካም አዲስ ማሞቂያ ተተከለላት። የቀረው መክፈት ብቻ ነበር። መክፈት ግን የሠራተኛ ሥራ አይደለም፤ የመንግሥት ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ድልድይም ሆነ ቧንቧ በብሔራዊ በዓል ቀን በክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ እጅ ካልተመረቀ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ለምረቃው የናና ዙሊካ ቤት ተመረጠ፤ ድህነቱ ለካሜራ የሚበቃ፣ ንጽሕናው እንግዳ የማያሳፍር ሆኖ ስለተገኘ ነው። ከንቲባው ሲ አክሊ የጋዙን ዋና መክፈቻ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። አሮጌውን የናፍጣ ምድጃዋንም አስነቀሉ፤ ጥቀርሻው ፎቶ ያበላሻል አሉ።

«እስከዚያ በምን ልሙቅ፣ ልጄ?» አለች።

«ተመርጠዋል እኮ፣ ናና። ኩራቱ አይሞቅዎትም?»

«እስቲ ኩራቱን ጉልበቴ ላይ እሰርልኝ።»

በረዶው መጣ። ጎረቤት የናፍጣ ምድጃ ላውስሽ ቢላት ሲ አክሊ ከለከሉ፤ አስተዳዳሪው ድንገት ቢደርሱ ምን ይባላል? በመጋቢት የድል በዓል ይመጣሉ ተብሎ ኩስኩሱ ተሠራ፣ ተማሪዎች ባንዲራ ይዘው በብርድ ተሰለፉ። አስተዳዳሪው ግን ሌላ ከተማ የአደባባይ ፏፏቴ ሲመርቁ ዋሉ። ናና ዙሊካም ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ያልተለኮሰውን ማሞቂያ እያየች ከረመች።

የመጡት በነጻነት በዓል ነው፤ በለስ ዛፉ ላይ በሚበስልበት፣ አህያ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ሐሩር። እልልታው ቀለጠ። አስተዳዳሪው ከነሙሉ ልብሳቸው ማሞቂያውን ለኮሱ፤ ላባቸው ከአፍንጫቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ መንግሥት ለሕዝቡ ስላመጣው ሙቀት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ።

«ሞቀዎት፣ እናቴ?» አሏት ማይክራፎን እያስጠጉ።

«ሞቀኝ፣ ልጄ» አለች። እውነቷን ነው።

መኪናዎቹ እንደሄዱ ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ሲ አክሊ ሮጠው ያዟት።

«ምን ነካዎት፣ ናና? አስተዳዳሪው የለኮሱትን እርስዎ ሊያጠፉ?»

«ታዲያ ማን ያጥፋው?»

«ራሳቸው ናቸዋ፣ በክብር። ለአብዮቱ በዓል ቀጠሮ ይዣለሁ።»

የአብዮቱ በዓል የሚውለው ብርዱ ሲገባ ነው።