ኪቦርዱ የማን ልጅ ነው?

የአንድ ሰው ሕይወት ተጨምቆ ሲያበቃ ስንት ቃል ይወጣዋል? በወጣትነቴ ይህን ጥያቄ ይዤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ፍልስፍና ተማርኩ፤ ጥያቄዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። መልሱን ያገኘሁት ካረጀሁ በኋላ፣ ቂርያት ሃዮቨል በሚባለው ሰፈር ካለው ሕንፃችን ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሰባት ቃል ይወጣዋል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት ቤት። መላሹም ጎረቤቴ፣ ክቡር ሊቀ ዘር ቆጣሪ አቶ ይርዳው ናቸው።

ዘር ቆጣሪ የሌለበት ሰፈር የለም። ለቅሶ ቤት ሟቹን አስረስቶ የሚያወራው፣ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን የሚያስደነግጠው እሱ ነው። ሰላም ስትለው «የማን ልጅ ነህ?» ይልሃል። ከመለስክ አለቀልህ፤ ካልመለስክ ራሱ ይመልስልሃል። በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ሰባት ቤት መቁጠር የቆየ ወግ ነው። አቶ ይርዳው ግን የሚጋባ ቢኖርም ባይኖርም ይቆጥራሉ።

አንድ ቀን ባቡር ውስጥ ኤራን የሚባል ወታደር አጠገባቸው ተቀመጠ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የያይር።»

«ያይርስ?»

«የጀምበሩ።»

«ጀምበሩስ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ጉድ በሉ! ጠመንጃውን በጨለማ ፈትቶ ይገጥማል፣ ቅድመ አያቱን አያውቅም!»

ከዚያ በእናቱ በኩል ዞሩበት። ስድስተኛው ቤት ላይ ዘመዳሞች ሆነው ሲተቃቀፉ፣ መሀል ከተማ መውረድ የነበረበት ልጅ የባቡሩ መጨረሻ ኔቬ ያዕቆብ ደርሶ ነበር።

መነኩሴም አይምሩም። ቢሯቸው ኢትዮጵያ መንገድ ለሚባለው ጎዳና ቅርብ ነውና፣ ከደብረ ገነት ገዳም ቅጥር ግቢ የወጡ አንድ አባት ሰላም ቢሏቸው ያችኑ ጥያቄ ጣሉባቸው። «እኔ የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ» አሉ መነኩሴው፣ ነገሩን ለመዝጋት። አቶ ይርዳው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «በአባት በኩል እንኳ ተግባባን፣ አባ። በእናት በኩልስ?»

እንግዲህ እኚህ ሰው መሐንዲስ ናቸው። በትንንሽ ማሽኖች ሆድ ውስጥ የሚኖረውን ስርዓተ ክወና ይዘው፣ የሰው እጅ የሚነካቸውን የዩኤስቢ ዕቃዎች ሁሉ፣ ኪቦርዱን፣ ማውዙን፣ ቁልፉን፣ ከማሽኑ ጋር ያስማማሉ። ከዚህ የበለጠ የሚገጥማቸው ሥራ እግዜርም አልፈጠረም። ምክንያቱም አንድ ዕቃ ሲሰካ ማሽኑ መጀመሪያ የሚያደርገው መጠየቅ ነው፦ ማን ነህ? ማን ሠራህ? ሥራህ ምንድን ነው? «ይህን ከእኛ ነው የወሰዱት» ይላሉ አቶ ይርዳው፤ «ሰነፎች ስለሆኑ ግን አባት ላይ አቆሙ።» ኪቦርዱና ማሽኑ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ከሆነማ ለማገናኘት እጃቸው አይታዘዝም።

«ጋሼ፣ እንዲያውም የበለጠ ይስማማሉ እኮ» ይላል ዶር የሚባለው የሥራ ባልደረባቸው።

«መስማማቱንስ ይስማማሉ። ነውሩን ማን ይሸከመዋል?»

በዚህ መሀል የጎረቤታችን የእትዬ እማዋይሽ ጉዳይ መጣ። እኛ ሰፈር አረጋውያን ውለው ምሳ የሚበሉበት ሞአዶን አለ። በሩ ላይ አንድ ማሽን ተተከለ፤ የመታወቂያ ቁጥር ካልነኩለት አይከፍትም። የእትዬ እማዋይሽ እጅ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ቁጥር ሲነኩ ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ ማሽኑም «አላውቅሽም» ይላቸዋል። «እኔን ነው? እኔ እንጂ አንተን የማላውቅህ!» ብለው ተመለሱ። ሰው አስነክቶ መግባት ልመና መሰላቸውና ምሳቸውን ብቻቸውን መብላት ጀመሩ።

አቶ ይርዳው ይህን ሲሰሙ እኔንና ዶርን አስከትለው፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ይዘው ደረሱ። ሰኩት፤ ማሽኑ ጭጭ አለ። ዶር «ዳይ፣ ጋሼ፣ በቃ! ሌላ እናምጣ» ቢል ማን ሰምቶት። ላፕቶፓቸውን ከፍተው ኪቦርዱን በጥያቄ አፋጠጡት። ለካስ ጉደኛው ራሱን «ማውዝ ነኝ» ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው!

«ዘሩን የደበቀ!» ብለው ጮኹ፤ ምሳ የሚበሉት ሁሉ ዞረው አዩን።

ስርዓተ ክወናው ውስጥ «ይህ ዕቃ ማውዝ ነኝ ቢልህ አትመነው፤ እንደ ኪቦርድ ተቀበለው» የሚል መመሪያ ጻፉ። ቀጥለውም አንድ ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ከተነካ እንደ አንድ እንዲቆጠር አዘዙ። «እጅ ቢንቀጠቀጥም ልብ የነካው አንዴ ነው» አሉኝ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ይርዳው አይባሉም። ማሽኑ በራሳቸው ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ፤ የማን ልጅ ነዎት?» እንዲል ጨመሩበት።

በማግስቱ እትዬ እማዋይሽ መጡ። ነኩ፤ በሩ ተከፈተ፤ ማሽኑም ጠየቀ። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ።

«የእንግዳው ልጅ ነኝ። እንግዳው የቢረሳው፣ ቢረሳው የተገኘ…»

«ተገኘ የቋራው? የእኔም እኮ ነው!» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። መተቃቀፍ ሆነ፣ እልልታ ሆነ፣ ሰልፉ መንገድ ወጣ። የሞአዶኑ ኃላፊ ሜራቭ ጭልፋ ይዛ ብቅ አለች።

«ጋሼ ይርዳው! ይሄ በር ነው ሰርግ ቤት? ሾርባው በረደ!»

ጥያቄው በዚያው ቀን ከማሽኑ ወጣ።

በማግስቱ በሩ ለእትዬ እማዋይሽ ተከፈተ፤ እሳቸው ግን አልገቡም።

«ምነው ዝም አለኝ? ትናንት እኮ ሳልጨርስ ነው ያቋረጡኝ።»

«ለእኔ ይንገሩኝ» አሉ አቶ ይርዳው።

«አንተማ ታውቀዋለህ። ዘር የሚነገር ለማያውቅ ነው።»

አቶ ይርዳው ቀጥ ብለው ወደ ሜራቭ ቢሮ አቀኑ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ማታ ማታ እየደወሉ ዘሬን ይጠይቁኛል፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ ደግሞ አምስተኛው ላይ ስደርስ ሆን ብዬ እረሳለሁ፤ ነገም እንዲደውሉ።

ሜራቭ ቢሮ ሲገቡ አብሬያቸው ገባሁ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ልጄ፣ ጥያቄውም አይቅር፣ ሾርባውም አይብረድ። ደጅ ሳይሆን ጥግ ላይ፣ ከምሳ በኋላ ይሁን። ብቻ የሚሉትን የሚሰማበት ጆሮ ለማሽኑ ግዙለት።»

ሜራቭ ሳቀች። ዶርም ሳቀ። ጆሮ የገዛለት የለም።