የጸጥታ አስከባሪዋ ጀልባ

ከተማችን ካቋቋመቻቸው ታላላቅ ተቋማት መካከል የወንዝ ጸጥታ ኮሚቴን የሚስተካከል የለም። የተቋቋመው ለአንድ ክቡር ዓላማ ነው፤ ከምንጭ በሚፈልቀው የፍሎሪዳ ወንዛችን ላይ ካያክ በምትባል ጠባብ ታንኳ እየቀዘፉ ማናቲ ለማየት የሚመጡ እንግዶች እንዳያወሩ። ማናቲ ላም የምታህል፣ የውሃ ሣር ስትግጥ የምትውል፣ ማንንም የማትነካ እንስሳ ናት። ብርድ ሲጠና ወደ ሞቃቱ ምንጫችን ትመጣለች፤ ጫጫታ ስትሰማ ትሄዳለች። እንዲህ ያለች የዋህ ፍጡር እስከ ዛሬ ያለ ኮሚቴ መኖሯ ራሱ ይገርማል።

ኮሚቴው ጸጥታ ለማስከበር የሞተር ጀልባ ገዛ። ሊቀ መንበሩ ሚስተር ዊንዴል ፕሩት፣ ቀድሞ ምንጣፍ ነጋዴ የነበሩት፣ ወንዙን ሽቅብና ቁልቁል እየተመላለሱ ሰው ዝም እንዲል በድምፅ ማጉያ ይለፍፉ ጀመር። ማጉያው ጥሩ ስለነበር ጸጥታው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሰማ ነበር።

በመጀመሪያው ወር ማናቲዎቹ ከአርባ ወደ አሥራ ሁለት ወረዱ። ኮሚቴው ጉዳዩን ሲመረምር እንግዶቹ እንደሚንሾካሾኩ ደረሰበት፤ ጀልባዋም በቀን በሁለት ጊዜ ፈንታ ስድስት ጊዜ እንድትመላለስ አዘዘ። በሁለተኛው ወር ሦስት ቀሩ። አሁን ጥፋቱ የአስጎብኚዎቹ መሆኑ አላጠራጠረም። ሌላው ሰው ይህን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይለዋል፤ ኮሚቴው ግን ጥናት ብሎታል።

ሚስ ኦፓል ታገርት ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ወንዝ ላይ እንግዳ ስትመራ የኖረች ሴት ናት። ወንዙ ላይ አፏ አይከፈትም። እንስሳ ስታይ መቅዘፊያዋን አግድም ከራሷ በላይ ታነሣለች፤ እንግዶቿም እንደ እሷ አንሥተው ይቆማሉ። ሌላ መተዳደሪያ የላትም፤ ይህን ካጣች ጆርጂያ የሚኖር ልጇ ዘንድ ሄዳ ሶፋ ላይ ማደር ነው የሚጠብቃት። ሞተሩ ነው የሚያባርራቸው ብላ ሁለት ጊዜ ጻፈች። ኮሚቴው ደብዳቤዋን በጥሞና አንብቦ፣ የአስጎብኚነት ፈቃዷ የሚታደሰው ሊቀ መንበሩ ባሉበት ማናቲ ካሳየች ብቻ መሆኑን አስታወቃት። ሊቀ መንበሩም ጀልባዋን ይዘው እንዲገኙ ተወሰነ፤ ፈተና ያለ ጸጥታ አይካሄድምና።

የፈተናው ቀን በጥር ብርድ ነበር፤ ከውሃው ላይ እንፋሎት ይነሣል። ኦፓል ከፊት ትቀዝፋለች፤ ሚስተር ፕሩት የተቀቀለ ለውዝ እየፈለፈሉ፣ ሞተራቸውን እያስጓሩ ይከተሏታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ዓሣ እንኳ አላዩም። ምንጩ አፍ ሲደርሱ ግን የውሃ ሣር ሞተሩ ላይ ተጠመጠመና አቃጥሎ ቀጥ አደረገው። ማጉያውም የሚሠራው በሞተሩ ኃይል ስለነበር አብሮ ዝም አለ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ አንዲት እናት ከነልጇ መጣች፤ ከዚያ አራት ሆኑ፤ ከዚያ ለመቁጠርም አስቸገሩ። ጀልባዋን ከበው ሞተሩ ላይ የተጠመጠመውን ሣር ይግጡ ጀመር። ኦፓል እንባዋ መጣ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ዝምታም ረሳችው።

«አዩ ሚስተር ፕሩት? ሞተሩ ስለጠፋ እኮ ነው የመጡት።»

ሊቀ መንበሩ የቅጣት ወረቀት አወጡ።

«ሚስ ኦፓል፣ እንስሳ አጠገብ አወራሽ። ፈቃድሽ ተሰርዟል።»

ወረቀቱን ተቀብላ ጀርባውን አነበበች። ፈቃድ የሌለው ሰው በወንዙ ላይ ማንኛውንም ጀልባ መምራትም ሆነ መጎተት እንደማይችል በኮሚቴው ማኅተም ተጽፏል። አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ካያኳን አዞረች።

«የት ልትሄጂ ነው? ገመድ ልወርውርልሽ፣ ጎትቺኝ እንጂ።»

«ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ።»

«አራት ማይል እኮ ነው!»

«ቀስ ብለው ያውሩ፤ ትንሿ ትደነግጣለች።»

ሚስተር ፕሩት አንዴ ዳር ላይ የተጋደመውን አዞ፣ አንዴ የጀልባዋን ዝቅተኛ ጠርዝ አዩ። ከዚያም በሌላ ወረቀት ላይ የሚስ ኦፓል ፈቃድ ለአምስት ዓመት መታደሱን ጽፈው ፈረሙ። እሷም ስሟ በትክክል መጻፉን አይታ ገመዱን ያዘች። መነሻው ጋ ሲደርሱ ክንዷ ዝሎ ነበር፤ ደስታዋ ግን ሌላ ነበር።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። በጸጥታ አስከባሪዋ ጀልባ ዙሪያ ሃያ አንድ ማናቲ መታየቱ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ ሊቀ መንበሩም ተጨበጨበላቸው። ኦፓል ተነሥታ ሞተሩ ቆሞ እንደነበር አስረዳች። ኮሚቴው ከልብ አመሰገናት፤ የሞተሩን ደካማነት በይፋ የመሰከረች የመጀመሪያዋ ባለሙያ እሷ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ምስክርነቷን መሠረት በማድረግ፣ ኃይሉ በእጥፍ የሚበልጥ ሞተር እንዲገዛ ባንድ ድምፅ ተወሰነ።

አዲሱ ሞተር መጥቷል። ኦፓል የአምስት ዓመት ፈቃዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በየጠዋቱ እንግዶቿን ትመራለች። እንግዶቹም ውሃው እንዴት ቢጠራ ነው፣ ወለሉ ድረስ ይታያል እያሉ ያደንቃሉ። እውነት ነው፣ ይታያል፤ የሚጋርደው አንድ ማናቲ እንኳ የለም።