የሴትዮዋን ዓይን የለቀምኩት እኔ ነኝ

ወገን፣ ይህን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ።

ጠዋት ጅማ ውስጥ አንድ አዳራሽ መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ አቀርቅሬ ቡና እየለቀምኩ ነበር። ከደረጃው ላይ የልጄ የሰዓዳ ድምፅ መጣ።

"አዮ! ማል ጎቴ?"

ልጄ ከልቧ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋትና ኦሮምኛው ይቀድማታል። "እማዬ፣ ምን አደረግሽ?" ማለቷ ነው። ቀና ብዬ ፊቷን ሳየው ክው አልኩ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ፣ ከብሔራዊው የሥነ ጥበብ ጋለሪ ሥዕል ጭነው መጥተዋል። አዲስ አበባ ሄዶ ለማያይ ሰው እኛው እንምጣለት ብለው ነው አሉ። ሥዕል የተማረችው ሰዓዳዬን ደግሞ ለጎብኚ እንድታስረዳ ለሙከራ ያዟት። ሥራዋን ከወደዱላት ቋሚ ሊያደርጓት ይችላሉ። ስንት ዱዓ ያደረግኩበት ነገር ነው!

እኔም አዲሱን ሻሼን አስሬ ከሰርቦ መጣሁ። በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት አስገባችኝና፣ እዚህ ጠብቂኝ፣ ምንም እንዳትነኪ ብላኝ ወደ ላይ ወጣች።

እሺ አልኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን አንዱንም አልነካሁም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ባለሥልጣን ነው የጎበኘሁት።

መሬቱ ላይ ግን ቡና ነበር።

የታጠበ ጥሬ ቡና፣ ትልቅ ሸራ ላይ ተዘርግቷል። ዙሪያውን ገመድ ወጥረውበታል። እኔ ዶሮ እንዳይገባ መሰለኝ። (አትሳቁ!)

ጠጋ ብዬ ሳየው ጥቁር ፍሬ ወሮታል። የተነቀዘ፣ የተሰበረ፣ እዚህም ጥቁር፣ እዚያም ጥቁር። ልጆቼን ያሳደግኩት መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀምኩ ነው። እንዲህ ያለ ቡና አይቼ ዝም ልበል? ደግሞስ ልጄ ይህን ነው የጅማ ቡና ብላ ለእንግዳ የምታሳየው? መሳቂያ ሊያደርጓት ነው!

ገመዱን አነሳሁ። ገባሁ። ሻርፔን አነጠፍኩና ጥቁሩን ወደዚያ መወርወር ጀመርኩ። እጄ ደግሞ ፈጣን ነው፣ ወላሂ።

ልጄ የጮኸችው ይሄኔ ነው።

ክንዴን ይዛ ደረጃው ላይ አወጣችኝ። አሁን እዪው አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

አየሁት።

ፊት ነው! ሙሉ የሴት ፊት! ጥቁሩ ፍሬ ቅንድቧ ነው፣ የከንፈሯ መስመር ነው፣ የሻሿ ጥላ ነው። በአንድ ዓይኗ ትኩር ብላ ታየኛለች። ሌላው የለም።

ያ ረቢ፣ የሰው ዓይን ለቀምኩ!

ሴትዮዋ ደግሞ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ቡና ለቃሚ ናት አለችኝ ሰዓዳ። የሙያ ጓደኛዬን አሳወርኳት!

የጋለሪውን ሥራዎች የሚጠብቁት ሽበታም ሰውዬ መጡ። አልተቆጡም። ነጭ ጓንት አውጥተው አጠለቁ። ፊልም ላይ እንደማየው የምርመራ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ፖሊስ ነው አልኩ በልቤ።

ለራሴስ ግድ የለኝም። ዞር ስል ሰዓዳ ጥግ ቆማ አንገቷ ላይ ያለውን ባጅ እየፈታች ነው። ሳይጠይቋት ራሷ ልታስረክብ! ሄጄ ሰውዬው ፊት ቆምኩ።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አልኳቸው። "ማሎ፣ እባክዎ እሷን ይተዉአት። የተበላሸ ቡና መስሎኝ ነው።"

ሰውዬው ጎንበስ ብለው ሻርፔን አዩት።

"እናቴ፣ የለቀሙት ሁሉ እዚህ አለ?"

"አለ። አንድ አልጣልኩም።"

"እንግዲያው ይመልሱታል። እኛ ጋ መጥፎ ነው ተብሎ የሚወጣ ፍሬ የለም። ሠሪው እንዳኖረው ማቆየት ነው ሥራችን።"

ለካ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንስተውታል! የሄዱበት ከተማ ሁሉ ፎቶውን እያዩ ነው እንደገና የሚዘረጉት። ሰዓዳ ፎቶውን ያዘች፣ ሰውዬው በጣታቸው አመለከቱ፣ ለእኔም ጓንት ተሰጠኝና ፍሬ በፍሬ መለስኩ።

አስቡት እስኪ! ዕድሜዋን ሙሉ ጥቁር ስታወጣ የኖረች ሴት ጥቁር መልሳ ስትከት! እጄ እምቢ አለኝ። አሁን ያስቀመጥኩትን ሳላውቀው መልሼ አነሳዋለሁ። ሰውዬው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እመልሳለሁ።

የሴትዮዋ ዓይን ተመልሶ ሲሞላ ውጭ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። ደረጃው ላይ ወጥቼ አየኋት። የተቀየመችኝ መሰለኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ለሥዕል ይቅርታ ይጠየቃል እንዴ? እኔ ጠየቅኩ።

ሰውዬው ወደ ልጄ ዞሩ።

"ባጅሽን እሰሪ እንጂ ልጄ፣ ሰው እየገባ ነው።"

ይህን ስሰማ ከልጄ ጋር ልነሳው ያሰብኩት ሴልፊም አላማረኝ፤ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ፣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ ስቤ፣ ሰርቦ እስክደርስ ቀና አላልኩም።

አሁን ለራት ምስር ልለቅም ትሪውን አቀረብኩ። እጄ ፈራ! በርጩማ ላይ ወጥቼ ቁልቁል አየሁት። ፊት የለውም። ምስር ነው።

ሰዓዳም ደውላለች። ቀኑ በሰላም አልቋል፣ ሥራዋ ላይ ናት። ነገ ግን አትምጪ ብላኛለች። ይፈረድባታል?

ቤቴ ገብቻለሁ። ማንም አልተከተለኝም። ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።