የሲስተር ሰዒዳ አንዲት ነገር

በዚህ አገር ስብሰባ ሲያልቅ የሚጀምር ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሌላው ደብተሩን ዘግቶ፣ ወንበሩን ገፍቶ፣ ግማሽ መቀመጫውን ካነሣ በኋላ እሱ እጁን ያወጣል። ከእድር እስከ ቀበሌ፣ ከቀበሌ እስከ አንድ ለአምስት፣ በዚያ ሁሉ የስብሰባ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ያላስመሸው ማን አለ?

በ2008 ዓ.ም.፣ ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል፣ ለጽኑ የልብ ሕሙማን በተለዩት አራት አልጋዎች ዘንድ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት ሲስተር ሰዒዳ ነበሩ። በየማለዳው ከኮምቦልቻ በመጀመሪያው ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ይመጣሉ። ከሾፌሩ ጋር ስለ ፍሬኑ ሳይወያዩ አይሳፈሩም ይባላል።

የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ደምመላሽ ወጣት ነው፤ ፈጣንም ነው። የጠዋቱን የሕሙማን ጉብኝት፣ ራውንዱን፣ በሃያ ደቂቃ መጨረስ ይችልበታል። እሱ ስለ ሕሙማኑ ይናገራል፣ ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን ያያል፣ ፊዚዮቴራፒስቷ የትንፋሹን ልምምድ ታስረዳለች፣ ፋይል ይዘጋል። ያኔ ሲስተር ሰዒዳ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ ያደርጉና "አንዲት ነገር ብቻ" ይላሉ። አንዲቷ ነገር እዚያው ወልዳ ከብዳ አምስት ትሆናለች።

አንድ ጊዜ ከገራዶ የመጣ ገበሬ ተሽሎት ሊወጣ ሲል፣ ኪኒኑ ላይ "ከምግብ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ" ተጽፎ አዩ። "አንዲት ነገር ብቻ። አባቴ፣ በቀን ስንቴ ነው የሚበሉት?" ሰውየው ሁለቴ አለ። ፋርማሲስቱ እያጉረመረመ ሁሉንም እንደገና ጻፈ። ሌላ ቀን ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ ሥርጉት ራውንድ ላይ ትቁም አሉ።

"ሥርጉት እዚህ ምን ትሠራለች?" አለ ዶክተሩ።

"ከእኛ በፊት የምትገባ፣ ከእኛ በኋላ የምትወጣ እሷ ናት" አሉ። ዶክተሩ ሰዓቱን አየና ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፈ።

በዚያው ሰሞን ረሂማ ከቢስቲማ መጣች። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ገና በልጅነቷ በታመመችው ሕመም የልብ ክዳኗ ተበላሽቶ ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል። ጋደም ካለች ትታፈናለች፤ ሌሊቱን የምታነጋው ተቀምጣ ነው። በቀን ከአንድ ሊትር በላይ እንዳትጠጣ ታዘዘ። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣው መድኃኒቷ ሦስት ጊዜ ከፍ ተደረገ። ክብደቷ ግን ይባስ ብሎ ጨመረ፣ ትንፋሿም አጠረ።

በአራተኛው ቀን ዶክተር ደምመላሽ "ወደ አዲስ አበባ እንላካት" አለ። መንገዱን ላትቋቋመው እንደምትችል ያውቃል፤ ሁሉም ያውቃሉ። ፋይሉን ዘጋ።

"አንዲት ነገር ብቻ" አሉ ሲስተር። "ሥርጉትን ጠይቀናታል?"

ሥርጉት መወልወያዋን ግድግዳ አስደገፈች። "እኔ ከአልጋዋ ሥር ባዶ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው የምጥለው" አለች። "በቀን ሦስትም አራትም።"

የረሂማ እናት እማማ አሚና አንገታቸውን ደፉ። "ሸሁ ዱዓ ያደረጉበት ውሃ ነው ልጄ። ወላሂ በአንድ ጊዜ ከጉንጭ አላሳለፍኩም።"

ይሄኔ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ወይዘሮ ሰርካዲስም ተነሡ። "ኃጢአቱ የእኔም ነው። ደረቷን ሲያፍናት አንጀቴ አልችል ብሎ ጸበል አቀመስኳት። እኔም ጉንጭ ብቻ ነው።"

አንዷ የሌላዋን አታውቅም። ጉንጭ በጉንጭ ሁለት ሊትር ሞልቷል።

ዶክተሩ ፊቱ ቀላ። "ከዛሬ ጀምሮ ከውጭ ጠብታ ውሃ እንዳይገባ" አለ።

"ከከለከልናቸው ይደብቃሉ" አሉ ሲስተር ሰዒዳ። "የተደበቀውን ማን ይለካዋል?" ከዚያ ሁለቱን እናቶች ከሐኪሞቹ መሐል አቆሙና በየእጃቸው አንዳንድ የመድኃኒት ማንኪያ ሰጡ። "አንድ ማንኪያ ለዱዓው፣ አንድ ማንኪያ ለጸበሉ፤ ከሊትሯ ላይ ይቀነሳል። የቀረውን ፊቷንና እጇን አብሱላት።" በፈሳሽ መመዝገቢያው ላይም መስመር አስምረው "ዱዓና ጸበል" የሚል አዲስ ዓምድ ከፈቱ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ለረሂማ ብርቱካን ይዞ የመጣ ዘመድ እንኳ እማማ አሚናን ሳያስፈቅድ አላለፈም። አዲስ አበባ መላኩ ለሁለት ቀን ይቆይ ተባለ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ዶክተሩ ሲገባ ረሂማ በአንድ ትራስ ተጋድማለች። ያለፈች መሰለው። ሮጦ እጇን ያዘ።

ዓይኗን ገለጠች። "ምነው ዶክተር? ተኝቼ እኮ ነው።"

ዶክተር ደምመላሽ አፈረም፣ ደስም አለው። ይህን ሁሉ ስናወራ የደበቅንለት ነገር አለ። ረሂማ ከመምጣቷ በፊት፣ ሲስተር ሰዒዳ ራውንድ ስለሚያጓትቱ ወደ ተመላላሽ ክፍል ይዛወሩልኝ ብሎ ለነርሶች ኃላፊዋ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ያን ጧት ቢሮዋ ሄዶ ደብዳቤውን መልሺልኝ አላት።

"ያጓትታሉ ብለህ አልነበር?" አለችው።

"ያጓትታሉ።"

"እና?"

"ያጓትቱ" አለና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።