ያጌጠውን ጋን አምኜ

ልጆቼ፣ የዛሬውን ጉዴን ከቲክቶክ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

ወረታ፣ ሰርግ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየኝ፣ ባዶ ጋን እንዳቀፍኩ ቪዲዮ አንሺው ጭን ላይ ዘጭ አልኩ።

በዚህ ዕድሜዬ!

መሠረተ ትምህርት ያስቆጠሩኝን ፊደል ይኸው ለዚህ አዋልኩት። የልጅ ልጄ የስልኩን ፊደል አስፍታ ሰጥታኛለች፤ ጣቴ ቀርፋፋ ነውና ታገሡኝ።

የተዳረችው የእህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የልጅ ልጅ ናት። ቢራው በበረዶ ተነክሯል፣ ለስላሳው ተደርድሯል፣ ስፒከሩ ደረት ይመታል። እኔን ደግሞ ቢራ ሆዴን ይነፋኛል። ዞር ዞር ስል ጥጉ ላይ አንድ ጋን ቆሟል። አንገቱ ላይ ቄጠማ፣ ወገቡ ላይ መቀነት፣ አናቱ ላይ አበባ።

እሰይ፣ ጠላም አለ ለካ ብዬ ብርጭቆዬን ይዤ ሄድኩ።

የሚቀዳ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ጋን አያያዝ አላጣም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ እግሬን ከፈት አደረግኩ፣ ሙሉ ጋን እንደሚያዘነብል ሰው ትንፋሼን ሰብስቤ ሳብኩት። እንደ ቅል ቀልሎ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቪዲዮው ላይ እዩት።

«እማማ፣ ዲኮር እኮ ነው» አለኝ ቪዲዮ አንሺው ከሥሬ ሆኖ።

ጋንም ዲኮር ሆነ!

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ እሱ ካልሳቀ ሌላው ይብስበታል።

ይሄኔ ከሽማግሌዎቹ ወንበር አያ ሞላ፣ ዓይናቸው እንኳ በደንብ አያይም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አይ ቅራሪ፣ ዛሬም ያጌጠውን?» አሉኝ።

በቃ፣ እዚያ ላይ እንባዬ መጣ። በነጠላዬ ብሸፍነው እምቢ አለኝ። ልጆቹ የወደቅኩት አሞኝ መስሏቸው ውሃ ያመጣሉ፣ ያራግቡልኛል። እኔ አላመመኝም።

እንግዲህ ለምን እንዳለቀስኩ ላውራችሁ። ሻይም ከሆነ ቢራም ከሆነ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

እናቴ ያወጣችልኝ ስም ጥሩወርቅ ነው። ፎገራ ያወጣልኝ ስም ግን ቅራሪ።

ቅራሪ ምን እንደሆነ ለማታውቁት የከተማ ልጆች፤ ጠላ ሲጠነሰስ የመጀመሪያው ወፍራሙ ጉሽ ይባላል፣ አንጎል ይነካል። ጉሹ ከተቀዳ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ እየተጨመረ የሚወጣው ቀጭኑ ቅራሪ ነው። ጥም ይቆርጣል፣ ዘፈን ግን አያስነሳም። ለእንግዳ፣ ያውም ለሙሽራ አጃቢ፣ መጀመሪያ ቅራሪ መስጠት ማለት ሂዱልኝ ማለት ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ የሃምሳዎቹ መገባደጃ። ያኔ ሩዝ የሚባል ነገር ሜዳችን አያውቅም፤ ዳጉሳና ጤፍ፣ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ጓያና ሽምብራ ነው። ያን ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ዳጉሳችንን ይዞት ሄደ። አባቴ ከሞተ ገና ነው። እህቴ እታለም ደግሞ ለጥር ልትዳር ቃል ተገብቷል።

ዘመድ ሁሉ እናቴን «ይቆይ፣ ለከርሞ ይሁን፤ ወንድ የሌለበት ቤት ምን ሰርግ ይደግሳል?» አላት።

ይቺ «ወንድ የሌለበት ቤት» የምትባል ነገር ናት እናቴን ያቃጠለቻት። እናቴ ደግሞ ከተቃጠለች አትመለስም። ያለችንን እህል አራግፋ አንድ ትልቅ ጋን ጉሽ ጠነሰሰች። ከድፍድፉ ደግሞ ሌላ ጋን ቅራሪ አወጣች። ሐሳቧ የማንም ባለሰርግ ሐሳብ ነው፤ ጉሹን ቀድሞ መስጠት፣ ሰው ሞቅ ሲለው ቅራሪውን ማስከተል። የሞቀው አፍ አይመረምርም።

የሚያስፈራው አንድ ነገር ነበር። የሙሽራው አጃቢ ድግሱ ከቀጠነበት በግጥም ይዘልፋል። የሰርግ ግጥም ደግሞ ሰርጉ ሲያልቅ አያልቅም። ገበያ ይወጣል፣ ወንዝ ይወርዳል፣ ልጅ ሲያድግ ያዜመዋል። እናቴ አንዴ ከተገጠመባት እስክትሞት ወንድ የሌላት፣ ጠላ የቀጠነባት ሴት ተብላ ትቀራለች። ሌሊቱን ሁሉ ስትገላበጥ እሰማታለሁ።

እኔ ቀጂ ተደረግሁ። ጓዳ ገባሁ። ሁለቱ ጋኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ቄጠማ ተጎንጉኖለት፣ አበባ ተሰክቶለት ራሱ ሙሽራ መስሏል። ሌላው አሮጌ ጆንያ ለብሶ፣ አናቱ ላይ የተሰበረ ሰፌድ ተደፍቶበት ጥጉ ውስጥ ተወሽቋል።

እናንተ ብትሆኑ ከየትኛው ትቀዱ ነበር? እውነት ተናገሩ።

እናቴ ለካ ዓይን ፈርታ ነው። የሰው ዓይን ያረፈበት ጠላ ይበላሻል ይባላል። ዓይኑ ሁሉ ቅራሪው ላይ ይረፍ ብላ ቅራሪውን አስጌጠች፣ ጉሹን ደበቀች። ለማንም አልተናገረችም፣ ለእኔም ቢሆን። ከተናገሩት ምኑን ተደበቀ? ቀጂዋን ጓዳ ቆሜ ራሴ አሳያታለሁ ብላ ነበር። ግን አጃቢው ሲመጣ አጎቶቼ ደጅ ቆመው ሊቀበሉ ሲሉ «የኔን ቤት እንግዳ የምቀበለው እኔ ነኝ» ብላ በሩ ላይ ቆመች። እዚያው ሰላምታው ያዛት።

እኔም ካጌጠው ቀዳሁ።

ቀጂ እንደ ደንቡ መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ምንም እንዳልገባበት ለእንግዳው ማሳያ ነው። አድርጌያለሁ። ምላሴ ቅራሪ ነው አለኝ፣ ዓይኔ ጉሽ ነው አለኝ። ዓይኔን አመንኩ። ደግሞስ ዓይኔ የት ነበርና! ከሚዜዎቹ መሃል አለልኝ የሚባል ረጅም፣ ድምፀ መልካም ልጅ አለ። ግጥም አውጪያቸው እሱ ነው። መዳፌን እየላስኩ እሱን አያለሁ።

ቀዳሁላቸው። ጠጡ። እርስ በርስ ተያዩ።

ደግሜ ቀዳሁ። ሽማግሌዎቹ ሽክናቸውን አዘንብለው ውስጡን ያያሉ። የነፍስ አባታችን ጎርሰው ቆዩና በግድ ዋጡት። አንዱ ሽማግሌ ጎረቤቱን «ጾም ነው እንዴ ዛሬ?» ሲለው ሰማሁ።

በዳሱ በወዲያኛው በኩል የወረታ እስላሞች፣ ያባቴ ወዳጆች፣ ተቀምጠዋል። ከብታቸው በራሳቸው ሰው ተባርኮ ታርዷል። ከእነሱው መሃል እትዬ ዘይነባ ከራሷ ቤት፣ በራሷ ጋን፣ ከተቆላ ገብስ ቀሪቦ አዘጋጅታ አምጥታላቸዋለች። ቀሪቦ ጣፋጭ ነው፣ አያሰክርም። አያችሁልኝ? ጠላ ጠጪው ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ሆኗል፤ ጨዋታና ሳቅ ያለው ቀሪቦ ጠጪው ዘንድ ነው።

እናቴ ከበሩ ላይ ይህን አየች። ፊቷ አመድ ሆነ። ምን እንደተቀዳ ወዲያው ገባት፤ ግን መሃሉ ሰው ነው፣ ጓዳ ለመድረስ ዳሱን ማቋረጥ አለባት።

አለልኝም ሽክናውን መሬት አስቀምጦ ተነሳ።

አጃቢው ሁሉ ጭብጨባውን አዘጋጀ። ሁሉም ዓይኑ እናቴ ላይ ነው። እሷም መሃል ዳሱ ላይ እንደቆመች ቀረች፣ ወደፊትም ወደኋላም አላለችም። እኔ ማንቆርቆሪያዬን አቅፌ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሠራሁት ምን እንደሆነ ሳይሆን በማን ላይ እንደሆነ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አለልኝ እናቴን አያት። ከዚያ ወደኔ ዞረና አወረደው፤

«እናቷስ ጠንስሰው ጉሽ ነበር ከጋኑ፣
ቀጂዋን ሲያያት ነው ቅራሪ መሆኑ።»

ዳሱ ፈነዳ። ያ ሁሉ አኩርፎ የተቀመጠ ሽማግሌ ጭኑን እየመታ ሳቀ። አጃቢው ተቀበለው፣ ደጋገመው፣ «ቀጂዋን ሲያያት ነው» እያለ በጣቱ ያሳየኛል። ማንቆርቆሪያዬን ጥዬ ጓዳ ሮጥኩ። ጆንያውን የለበሰው ጋን ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። ጉሹ አጠገቤ ነው፣ ሽታው ያውዳል፣ እኔ ግን አላወቅሁትም።

እናቴ ገባች። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ጆንያውን ከጋኑ ላይ ስባ ጣለችና «ተነሽ፣ ፊትሽን ጥረጊ» አለችኝ። ሁለት ጎረምሳ ጠርታ ጋኑን ዳስ መሃል አስወጣችው። ቃና ዘገሊላ ገና ማለፉ ነበር። የነፍስ አባታችን ፊት ቆማ፣

«አባቴ፣ እርስዎ አይደሉ ሰሞኑን ያስተማሩን? በቃና ሰርግ መልካሙ የመጣው ኋላ ነው ብለው» አለቻቸው።

እሳቸው ሽክናቸውን አስሞልተው፣ ጠጥተው፣ ጢማቸውን ጠረጉ።

«እኔ የሰበክሁት ስለ ወይን ነበር፤ አንቺ ለጠላ አዋልሽው። ይሁን፣ ለጠላም ይሆናል» አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ዘፈን ጣራ ገዳም ድረስ ሳይሰሙት አይቀሩም። «ወንድ የሌለበት ቤት» ያሉት ዘመዶቻችን ጭምር ተደግፈው ነው የወጡ። እናቴ ዳነች።

እኔ ግን ቀረሁ። ወንዝ ብወርድ ቅራሪ፣ ቤተ ክርስቲያን ብስም ቅራሪ። አንበሳሜ ገበያ አንዲት በዓይኔ አይቻት የማላውቅ ጨው ነጋዴ ጨዉን እየሰፈረችልኝ «ያቺ ቅራሪዋ አንቺ ነሽ?» ብላኛለች።

በዓመቱ ሽማግሌ መጣ። የላከው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አለልኝ!

ያን ስም ያወጣልኝን አላገባም፣ ገዳም እገባለሁ አልኩ። እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እስቲ መጀመሪያ ጠይቂው» አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መንገድ ላይ ጠበቅሁት።

«ምን አድርጌህ ነው?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ «እኔንም ያሳደገችኝ ወንድ የሌላት ሴት ናት» አለኝ። «ሰው ሁሉ እናትሽን በላት ብሎ ይጠብቀኛል። እሷን ሳይ እናቴን አየሁ። ዝም እንዳልል ዝም ማለት አይቻልም። ያን ግጥም የምጥልበት ካንቺ ሌላ ሰው አላገኘሁም። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ትችይዋለሽ ብዬ ነው።»

ቻልኩት።

እስኪያርፍ ድረስ ጥሩወርቅ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ሲቆጣ ቅራሪ፣ ሲራብ ቅራሪ፣ ልጅ ስወልድለት በበሩ ቀዳዳ «ቅራሪ፣ ደህና ነሽ?»። እኔም ኩርፊያ ሲያምረኝ ጠላውን ሆን ብዬ አቀጥንበት ነበር፤ ይጠጣና «አይ፣ ዛሬስ እናትሽም አልጠነሰሱት» ይለኛል።

እሱ ካረፈ ወዲህ ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚለኝ። ያን ቅጽል ስሜን የሚያውቁት አንድ በአንድ ሄዱ። እኔም የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ዛሬ አያ ሞላ፣ ከእነዚያ ሚዜዎች የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ከዚያ ወንበር ሲጠሩኝ፣ ባዶ ጋን አቅፌ፣ አለልኝ የጠራኝ መሰለኝ። ያለቀስኩ ለዚህ ነው። ወገቤን አሞኝ አይደለም፤ እሱ ያመመኝ ማታ ነው።

ትምህርቱ ምንድነው ትሉኝ ይሆናል። ያጌጠ ጋን ስታዩ መጀመሪያ አንኳኩ። እኔ ይህን ለመማር ሁለት ሰርግ ፈጀሁ፣ ደግሞ አሁንም መማሬን አላውቅም።

አያ ሞላ ሲሸኙኝ ደክመዋል። እሳቸውም ከሄዱ በኋላስ ማን ይጠራኛል?

ላይኩ ይቅርብኝ። እስቲ ከእናንተ አንዱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኮሜንት ላይ ቅራሪ በሉኝ።