ጉዳዩ፦ አያትዎን ይመለከታል

በዚህ ዓለም እንደ ደንበኛ ዝምተኛ ፍጡር የለም! የጣና ዓሣ እንኳ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ሲያዝ ይንቦጫረቃል። ደንበኛ ግን ሥራውን እስኪሰጥህ ድረስ አፉ አይዘጋም፣ አንዲት ጥያቄ ስትልክበት ደግሞ ምድር ትውጠዋለች። «ሽማግሌው ዛሬም ሰው ሊያማ ነው» ትሉኝ ይሆናል… ልክ ናችሁ። ብቻ ስጨርስ የምታሙት እኔኑ ስለሆነ ታገሡኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከመዝገብ ቤት ሥራዬ ተሰናብቼ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አንድ ዋንዛ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ ለሰው ማመልከቻ በመጻፍ እተዳደር ነበር። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ወረቀቱ ወደ ውሃው ይበራል፤ ሱሪዬን ሰብስቤ አሳድዳለሁ። ስንቱን አቤቱታ ከቀበሌው ቀድሞ ጉማሬ ተመልክቶታል!

አንድ ቀን ጫኔ ውበቱ የሚባል ልብስ ሰፊ እያለከለከ መጣ።

«ጋሼ፣ ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ለአንድ ሰው የሚፈቀድለት አንድ መኖሪያ ቤት ነው፤ የተረፈው ይወረሳል። ጫኔ ያለችው ሚስቱን፣ አራት ልጆቹንና የስፌት መኪናውን አጭቆ የሚኖርባት አንዲት ቤት ናት። እዚያው ቀበሌ ግን ሌላ ጫኔ ውበቱ ነበረ… ነጋዴ፣ ባለ ሦስት ቤት! ቀበሌው ሁለቱን ጫኔዎች አንድ ሰው አድርጎ፣ የልብስ ሰፊውን ቤት ከነጋዴው ትርፍ ቤቶች ጋር መዘገበው። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ አቤቱታ ካልገባ ቤቱ ሄደ ማለት ነው።

«አይዞህ፣ አንድ ገጽ ይበቃዋል» ብዬ ሸኘሁትና መጻፍ ጀመርሁ። «እኔ አመልካች ጫኔ ውበቱ…» ብዬ ቀጥ አልሁ። አያትስ? ሁለቱን ጫኔዎች የሚለያቸው የአያት ስም ብቻ ነው! ሰውዬው የፍየሉን መልክ ሳይቀር ነግሮኛል፤ አያቱን ግን ረስቷቸዋል።

ቤቱ ሄድሁ፤ ባንኳኳ የሚከፍት የለም። ማስታወሻ ጽፌ በበሩ ሥር አስገባሁ። እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን «ጫኔ፣ የአያትህን ስም ንገረኝ» ብሎ ይገላገላል። እኔ ግን ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሚስቴን ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ «ጉዳዩ» ካላልሁ አፌ አይፈታም። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

«ጉዳዩ፦ አያትዎን ይመለከታል። ለጥያቄ ስለሚፈለጉ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ በአስቸኳይ ቀርበው የአያትዎን ማንነት እንዲያስረዱ በጥብቅ አሳስባለሁ።»

ከሥሩ ፈረምሁና «ጸሐፊው» አልሁበት። ጸሐፊ አይደለሁ?

ሦስት ቀን ጠበቅሁ… ዝም። ተመልሼ ብሄድ ጎረቤቱ «መሸንቲ እኅቱ ዘንድ ሄዷል» አለኝ። ቤቱ ሊወሰድ ቀናት ቀርተውት ዘመድ ጥየቃ! ተናደድሁና ሁለተኛውን ደብዳቤ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላክሁ። «ቀደም ሲል በደብዳቤ ቢጠሩም ባለመቅረብዎ፣ ለሚከተለው ሁሉ ኃላፊነቱን ራስዎ እንደሚወስዱ…» አሁንም ዝም!

ሐሙስ ጧት እኔው ራሴ መሸንቲ ወረድሁ። እኅትየው ደጃፍ ላይ ቆማለች።

«ጫኔ አለ?»

«ጫኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ወንድምሽ አይደለም እንዴ?»

«ወንድምም የለኝም።»

«ከጭዱ ክምር ሥር የወጣው እግርሳ?»

ዞር ብላ አየችው። «እሱ የቆየ ነው» አለች።

«ጫኔ!» ብዬ ጮህሁ። ጭዱ ተናወጠና ጭንቅላቱ ብቅ አለ።

«ውይ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? እኔኮ ጸሐፊው መጣ ብዬ ነው!»

«ጸሐፊውማ እኔው ነኝ!»

ጭንቅላቱ ተመልሶ ገባ።

ነገሩ የገባኝ ይኼኔ ነው። ያኔ ሰው «ጸሐፊው» ሲባል የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቀበሌውን ጸሐፊ! በዚያ ላይ «ለጥያቄ ይፈለጋሉ»! በዚያ ላይ «እርስዎ»! ዕድሜ ልኩን «አንተ» የተባለ ልብስ ሰፊ በእርስዎ ሲጠራ የማይሸሸው ለምንድን ነው? ልጆቹንና ሚስቱን አማቱ ቤት ደብቆ የጠፋው ለካ ከእኔ ኖሯል።

ምዬ ተገዝቼ አስወጣሁት። «በል አሁን፣ አያትህ ማን ናቸው?»

ግራ ቀኙን አየና ጆሮዬ ሥር ሹክ አለኝ። «ቀኛዝማች እንግዳ።»

ቤቱን ለማዳን አያቱን መጥራት አለበት፤ አያቱን ከነማዕረጋቸው ከጠራ ደግሞ የባላባት ዘር፣ አድኃሪ ተብሎ ከቤቱም የባሰ ነገር ሊያጣ ነው።

«ስማ፣ ቀኛዝማችነታቸውን እዚሁ ጭዱ ውስጥ ትተነው እንሂድ። አያትህ እንግዳ ናቸው፤ በቃ!»

አውቶቡስ ውስጥ እስከ ባሕር ዳር አስጠናሁት።

ዓርብ ቀበሌ ቀረብን። ሊቀ መንበሩ ማመልከቻውን አነበቡ፣ መዝገቡን ገለጡ፣ «ለካ ጫኔዎቹ ሁለት ናቸው!» አሉና የልብስ ሰፊውን ቤት ከዝርዝሩ ሰረዙት። ቤቱ ተረፈ! ጫኔ ከደስታው ብዛት መሬት ሊስም ምንም አልቀረው።

«ለመዝገቡ ያህል» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ «የአያትህን ስም እስቲ በቃልህ ድገመው።»

አሥር ቀን ሙሉ ትንፍሽ ያላለ ሰው አንገቱን ቀና፣ ደረቱን ነፋ አደረገ።

«ቀኛ…»

ባለኝ ክብደት ሁሉ እግሩን ረገጥሁት።

«ቀኛ ምን?» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ ብዕራቸው አየር ላይ እንደቆመ።

ጫኔ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ቀኝ እግሬን! ጋሼ ቀኝ እግሬን ረገጡኝ!»

«እንግዳ ነው ስሙ፣ ጓድ!» አልሁ ፈጥኜ። ጻፉት።

«እርስዎም ሽማግሌ፣ ሲቆሙ እያዩ ይቁሙ እንጂ!» ብለው ገሠጹኝ።

ይገሥጹኝ! ከዚያን ቀን ወዲህ ደንበኛ ዝም ባለኝ ቁጥር ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። እኔ የምፈራው፣ መልስ የሰጠኝን ቀን ነው።